ከጡረታ በኋላ ለግል በረራ፦ የትኛውን ማረጋገጫ ይዞ መቀጠል ይሻላል?

አንድ የአሜሪካ አየር መንገድ ካፒቴን 65 ዓመት በሞላው ዕለት በመደበኛ አየር መንገድ ኮክፒት ውስጥ የመቀመጥ መብቱ ያበቃል። ገደቡ እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2007 ድረስ 60 ነበር (እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2023 የተወካዮች ምክር ቤት 67 እንዲሆን ቢያጸድቅም በግንቦት 2024 የተፈረመው የአቪዬሽን ሕግ 65ን እንዳለ ትቶታል። ያ ዕለት ግን የሚያስቆመው ሥራውን እንጂ በረራውን አይደለም። በኪሱ ያለው የፕላስቲክ ካርድ ያው ነው፤ የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ የሚለውም ጽሑፍ ከላዩ አልጠፋም።

ትንሽ አውሮፕላን ተከራይቶ ወይም ገዝቶ ለራሱ መብረር የሚፈልግ ጡረተኛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው "ፈቃዴን እንዴት ላሳድስ?" ብሎ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ይህ ጥያቄ ቦታውን የሳተ ነው፤ ጊዜ የሚያልፍበት ፈቃዱ አይደለም። ምርጫው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ የሚሠራ ስሕተት ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚመለከተው አሜሪካ የሚኖረውን ነው። በኢትዮጵያ ፈቃድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በረው ልጆቻቸው ዘንድ ሜሪላንድ ወይም ቴክሳስ የሰፈሩ ካፒቴኖች ጉዳያቸው ስለሚለይ ለብቻው ይመጣል። አውሮፓ ያሉትንም በአጭሩ አነሳለሁ።

ምን ያልፍበታል፣ ምን አያልፍበትም

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በተለመደው ስሙ ኤፍኤኤ፣ የሚሰጠው የአብራሪነት ፈቃድ የማብቂያ ቀን የለውም። ባለቤቱ ካልመለሰው ወይም በቅጣት ካልታገደና ካልተነጠቀ በቀር ጸንቶ ይኖራል። ዝቅ ማድረግም አያስፈልግም፤ በምህጻር ኤቲፒ የሚባለው የአየር መንገድ ፈቃድ ያለው ሰው በዚያው ካርድ እንደ ግል አብራሪ መብረር ይችላል። ጡረታ ሲወጡ "ወደ ግል ፈቃድ ማስለወጥ አለብኝ ወይ?" ብለው የሚጨነቁ አሉ። የሚለወጥ ነገር የለም።

ጊዜ የሚያልፍባቸው ሁለቱ የጤና ማረጋገጫው እና የቅርብ ጊዜ ልምዱ ናቸው።

ልምዱን እናስቀድም፤ አጭር ነውና። ማንኛውም አብራሪ በየ24 ወሩ ከአሰልጣኝ ጋር ግምገማ ማድረግ አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት በቃል፣ አንድ ሰዓት በአየር ላይ። ሰው ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ ማረፍ ያስፈልጋል፤ ሌሊት ሰው ለመጫን ደግሞ በሌሊት፣ በየማረፉ ሙሉ በሙሉ እየቆሙ። በደመና ውስጥ በመሣሪያ ለመብረር በ6 ወር ውስጥ ስድስት የመሣሪያ አቀራረቦች፣ ማለትም በመሣሪያ እየተመሩ ወደ ማኮብኮቢያ መቅረብ፣ መሠራት አለባቸው።

እዚህ ላይ ካፒቴኖችን የሚያዘናጋ ነገር አለ። በአየር መንገዱ ሲሙሌተር የተደረገው የመጨረሻ የብቃት ፈተና እንደ ሁለት ዓመቱ ግምገማ ይቆጠራል። ስለዚህ ትናንት ከትልቁ ጄት የወረደ ሰው ነገ ብቻውን ሴስና የተባለውን ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ቢነሣ በወረቀት ደረጃ ሕግ አልጣሰም። ሚስቱን ጎኑ ለማስቀመጥ ሲፈልግ ግን ሕጉ ያቆመዋል። የ90 ቀኑ ልምድ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን መሆን ስላለበት በሁለት ሞተር የተደረገው ማረፍ ለአንድ ሞተር አይቆጠርም። ካርዱን ገልብጦ ማየትም ያስፈልጋል። የብዙ ካፒቴኖች ኤቲፒ የሚናገረው ስለ ባለ ብዙ ሞተር ብቻ ነው፤ ባለ አንድ ሞተሩ በንግድ አብራሪነት ደረጃ ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል። ጨርሶ ካልተጻፈ በዚያ ካርድ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ይዞ ሰው መጫን አይቻልም፤ ተፈትኖ ማስጨመር ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ጡረተኛ ቤት ይቀይራል፤ ከኒው ጀርሲ ወደ ፍሎሪዳ ይሄዳል። አድራሻ ከቀየሩ ከ30 ቀን በኋላ ለኤፍኤኤ ሳያሳውቁ በፈቃዱ መጠቀም አይቻልም። በድረ ገጽ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አራቱ የጤና መንገዶች

የመጀመሪያው ምክሬ ለጥቂት ጊዜ ምንም አለማድረግ ነው። በሥራ ላይ እያሉ በየስድስት ወሩ ይወስዱት የነበረው የአንደኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት በስድስት ወሩ ጨርሶ አይሞትም። ዕድሜው ከ40 በላይ ለሆነ ሰው ከምርመራው ቀን ጀምሮ እስከ 12ኛው ወር መጨረሻ እንደ ሁለተኛ ደረጃ፣ እስከ 24ኛው ወር መጨረሻ እንደ ሦስተኛ ደረጃ ያገለግላል። ሦስተኛ ደረጃ ማለት ለግል በረራ የሚበቃው ነው። ከጡረታ ጥቂት ቀደም ብሎ የተመረመረ ካፒቴን ሁለት ዓመት ሊጠጋ የሚችል ጊዜ በእጁ አለው። ያንን ጊዜ ለማሰብ ይጠቀምበት።

ከዚያ በኋላ አራት መንገዶች አሉ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን ማቆየት የሚገባው በገንዘብ ለሚያበር ሰው ብቻ ነው። አንደኛ ደረጃ ከ40 ዓመት በኋላ በየዓመቱ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይጠይቃል፤ የሩቅ ዕይታ 20/20 መሆን አለበት፤ ከ50 ዓመት በኋላ ደግሞ በክንድ ርቀት ያለውን፣ ማለትም የመሣሪያ ሰሌዳውን ያህል የራቀውን፣ ማየት ለብቻው ይለካል። ሦስተኛ ደረጃ የልብ ኤሌክትሪኩን በመደበኛነት አይጠይቅም፤ የሩቅ ዕይታውም 20/40 ይበቃዋል፤ መነጽር በሁሉም ይፈቀዳል። ለክብር ሲባል አንደኛ ደረጃን ማሳደስ ምን እንደሚያስከትል ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ በየ24 ወሩ ኤፍኤኤ ከመደባቸው የአቪዬሽን ሐኪሞች ዘንድ የሚወሰድ ነው። ክፍያውን መንግሥት ስለማይተምነው ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። ይህን መያዝ ያለበት ከ18,000 ጫማ በላይ ለመውጣት፣ ከ250 ኖት በላይ ለመፍጠን፣ ከባድ አውሮፕላን ለመያዝ ወይም የአሜሪካን ቀለል ያለ አሠራር ወደማይቀበል አገር ለመብረር የሚያስብ ሰው ነው። ለሌላው ሰው ትርፍ ድካም ነው።

ቤዚክሜድ ከግንቦት 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራ መንገድ ሲሆን ለአብዛኛው ጡረታ የወጣ ካፒቴን እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የሚጠይቀው፦ የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ፤ ከሐምሌ 14 ቀን 2006 በኋላ በሆነ ጊዜ የኤፍኤኤ የጤና ምስክር ወረቀት ይዞ ማወቅ፤ በየ48 ወሩ በማንኛውም የግዛት ፈቃድ ባለው ሐኪም መመርመር፤ በየ24 ወሩ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ኮርስ ማለፍ። ሐኪሙ የራስዎ የቤተሰብ ሐኪም ሊሆን ይችላል። የምርመራ ቅጹን ፈርሞ ለእርስዎ ይሰጥዎታል፤ ለኤፍኤኤ አይላክም፤ ከበረራ መዝገብዎ ጋር ያስቀምጡታል። ቅደም ተከተሉን ግን አያፋልሱ። ኮርሱ ሲያልቅ የሐኪሙን ስምና የምርመራውን ቀን ስለሚጠይቅ መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ ኮርሱ ነው። አንዳንድ የቤተሰብ ሐኪሞች ቅጹን አይተውት ስለማያውቁ ለመፈረም ያመነታሉ። ቀጠሮ ሲይዙ ቅጹን አስቀድሞ መላክ ከብዙ ንግግር ያድናል።

በ2024ቱ ሕግ የቤዚክሜድ ወሰን ሰፍቷል። ዛሬ እስከ 12,500 ፓውንድ የሚመዝን፣ አብራሪውን ጨምሮ እስከ ሰባት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን ይፈቅዳል፤ ሰባቱም መቀመጫ ሊሞላ ይችላል። ሌሊትም፣ በደመና ውስጥ በመሣሪያም መብረር ይቻላል። ልጅና የልጅ ልጅ ጭኖ ከዳላስ ሂዩስተን ለሚመላለስ አያት የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው። ከላይ ከጠቀስኳቸው የከፍታ፣ የፍጥነትና የአገር ወሰኖች ሌላ የማይፈቅደው ለክፍያ ማብረርን ነው።

ቤዚክሜድ የጤና መዝገብን እንዳላየ አያልፍም። የልብ ድካም የደረሰበት፣ የልብ ደም ሥሩ ተጠብቦ የታከመ፣ የልብ በር ያስቀየረ፣ ወይም ከባድ የነርቭና የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በቅድሚያ አንድ ጊዜ ከኤፍኤኤ ልዩ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ያንን አንዴ ካገኘ ግን ለዚያው ሕመም በየዓመቱ ወረቀት ሲልክ አይኖርም።

አራተኛው በመንጃ ፈቃድ ብቻ መብረር ነው። የስፖርት አብራሪ መብት ይባላል፤ ኤቲፒ ያለውም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ለዓመታት የሚፈቅደው በጣም ቀላል የሆኑ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖችን ብቻ ስለነበር ካፒቴኖች አይተው ያልፉት ነበር። ሞዛይክ የተባለው አዲስ ደንብ ከጥቅምት 22 ቀን 2025 ጀምሮ ነገሩን ለውጦታል። አሁን መለኪያው ክብደት ሳይሆን የክንፉ ተዘርጊ ክፍል (ፍላፕ) ሳይዘረጋ ክንፉ አውሮፕላኑን ማንሳፈፍ የሚያቆምበት ፍጥነት ነው፤ 59 ኖትና ከዚያ በታች ከሆነ፣ መቀመጫውም ከአራት ካልበለጠ ይፈቀዳል። ሴስና 172 በዚህ ውስጥ ይገባል። ዓለም በብዛት የተማረበት አውሮፕላን በመንጃ ፈቃድ ብቻ ሊበር መቻሉ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወሰኑ ግን ጠባብ ነው። መቀመጫው አራት ቢሆንም መጫን የሚቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል 10,000 ጫማ፣ ወይም ከሥር ካለው መሬት 2,000 ጫማ፣ ከሁለቱ ከፍ ያለው ነው። በደመና ውስጥ አይቻልም፤ ሌሊት ለመብረርም ተመልሶ ቤዚክሜድ ወይም የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት በሰፈሩ ዙሪያ በርሮ ቡና ለመጠጣት ለሚመለስ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። የልጅ ልጆቹን ጭኖ መሄድ ለሚፈልግ አይሆንም።

ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት

ቤዚክሜድም ሆነ የመንጃ ፈቃዱ መንገድ የሚጋሩት አንድ ሁኔታ አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ለኤፍኤኤ ያቀረቡት የጤና ማመልከቻ ውድቅ ተደርጎ ከሆነ ሁለቱም በሮች ይዘጋሉ። በሕጉ ዓይን የጤና ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት የተኛ ሰው እና አመልክቶ የተከለከለ ሰው እጅግ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ነገ ቤዚክሜድ ይጀምራል። ሁለተኛው ኤፍኤኤን አሳምኖ አንድ የጤና ምስክር ወረቀት በእጁ እስኪያገኝ ድረስ ከመሬት አይነሣም፤ ያ ደግሞ በሪፖርት ላይ ሪፖርት፣ በምርመራ ላይ ምርመራ ማለት ነው።

ስለዚህ በ68 ዓመቱ "አንደኛ ደረጃ አሁንም አልፋለሁ" ለማለት ብቻ ሐኪም ፊት የሚቀርብ ካፒቴን የሚያስይዘው ነገር ከሚያገኘው ይበልጣል። ካለፈ የሚያገኘው ለግል በረራ የማያስፈልገውን ወረቀት ነው። ካላለፈ ግን ሳያመለክት ቢቀር ኖሮ በእጁ የነበረውን ሁሉ ያጣል። ኩራቱ ይገባኛል፤ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ ያለፈውን ፈተና መተው እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ሆኖም ይህ ፈተና ሜዳልያ የለውም።

አሠራሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ማመልከቻው ሜድኤክስፕረስ በሚባል የኤፍኤኤ ድረ ገጽ ላይ ይሞላል፤ ያለፉት ሦስት ዓመታት የሐኪም ጉብኝቶች በሙሉ፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በሙሉ ይዘረዘራሉ። ሲጨርሱ የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጥዎታል። ያ ቁጥር በእጅዎ እስካለ ድረስ ወረቀቱ የእርስዎ ነው። የአቪዬሽን ሐኪሙ ቁጥሩን ተጠቅሞ ማመልከቻውን በከፈተው ደቂቃ ግን ጉዳዩ ይፋ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ "ይቅር፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" ማለት የለም። ሐኪሙ ወይ ይሰጣል፣ ወይ ለኤፍኤኤ ያስተላልፋል፣ ወይ ይከለክላል።

ስለዚህ አዲስ ሕመም ወይም አዲስ መድኃኒት ካለዎት ሐኪሙን ለምርመራ ሳይሆን ለምክክር ቀጠሮ ይጠይቁት፤ ቁጥሩንም አይስጡት። የምክክሩን ዋጋ ይክፈሉና ይጠይቁ፦ ይህ የደም ግፊት፣ ይህ የስኳር መጠን፣ ይህ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ያሳልፈኛል ወይ? ምን ወረቀት ይዤ ልምጣ? ጥሩ የአቪዬሽን ሐኪም ይህን ጥያቄ ለምዶታል።

ይህ ማለት ሕመምን ደብቆ መብረር አይደለም። ወረቀቱ ምንም ይሁን ምን አብራሪው ለመብረር የማያስችል ሕመም እንዳለበት እያወቀ እንዳይነሣ ደንቡ ይከለክላል። መንጃ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው ራሱ የራሱ መርማሪ ሆኗል፤ ኃላፊነቱ ከበደ እንጂ አልቀለለም።

በኢትዮጵያ ፈቃድ ለሚመጡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሲበር የኖረ ካፒቴን አሜሪካ ሲመጣ ጥያቄው ይለወጣል፤ ካርዱ የኤፍኤኤ አይደለምና። ሁለት መንገድ አለው።

አንደኛው በኢትዮጵያ ፈቃዱ ላይ የተመሠረተ የአሜሪካ የግል ፈቃድ መውሰድ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባል ስለሆነች ይህ ይፈቀዳል፤ የጽሑፍም ሆነ የበረራ ፈተና የለውም። መጀመሪያ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የኤፍኤኤ ቢሮ የማረጋገጫ ጥያቄ ይላካል። ቢሮው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃዱ እውነተኛ ስለመሆኑ ይጠይቃል። መልሱ ሲመጣ ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ ለስድስት ወር ይሠራል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአካል ቀርበው ካርድዎን ይወስዳሉ። ለደብዳቤው ሁለት ሦስት ወር መድበው ይነሡ። ከዚያ ከአሰልጣኝ ጋር የሁለት ዓመቱን ግምገማ ያደርጋሉ። የመሣሪያ በረራ መብትዎ አብሮ እንዲጻፍ ከፈለጉ ግን አንድ የጽሑፍ ፈተና አለ።

ድክመቱ ካርዱ ለብቻው የማይቆም መሆኑ ነው። የሚሠራው የኢትዮጵያው ፈቃድ እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያው ጊዜው ሲያልፍበት የአሜሪካውም አብሮ ይተኛል። በአዲስ ቁጥር እንደገና ከተሰጠዎትም የአሜሪካው ካርድ የያዘው የድሮውን ቁጥር ስለሆነ ሂደቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። በዓለም አቀፉ ድርጅት መስፈርት መሠረት የግል አብራሪ የጤና ምስክር ወረቀት ከ50 ዓመት በኋላ በየ12 ወሩ፣ የአየር መንገድ አብራሪ ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ መታደስ አለበት። ስለዚህ በየዓመቱ ለእረፍት አዲስ አበባ ለሚመላለስና እዚያም ፈቃዱን ለማቆየት ምክንያት ላለው ሰው ይህ መንገድ ፈጣንና ርካሽ ነው። ጠቅልሎ ለመጣ ሰው ግን በየጊዜው ባሕር ተሻግሮ የሚታደስ ወረቀት ላይ መንጠልጠል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ራሱን የቻለ የአሜሪካ ፈቃድ መውሰድ ነው። በኢትዮጵያ የተመዘገበው የበረራ ሰዓት ይቆጠርልዎታል፤ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ግን አለ። ብዙዎች "ከወሰድኩ አይቀር ኤቲፒውን" ይላሉ። የባለ ብዙ ሞተሩ ኤቲፒ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ከጽሑፍ ፈተናው በፊት 30 ሰዓት የክፍልና 10 ሰዓት የሲሙሌተር ትምህርት ያስገድዳል። ለግል በረራ ያ ሁሉ ወጪ ምን ያደርጋል? የግል ፈቃድ ከመሣሪያ በረራ ጋር ይበቃል፤ ማስተማር የሚያምርዎ ከሆነ የንግድ አብራሪውን ይውሰዱ። የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ፈቃድ፣ ለመሣሪያ በረራና ለባለ ብዙ ሞተር ሥልጠና ከትራንስፖርት ደህንነት አስተዳደር አስቀድሞ ይሁንታ ማግኘት እንዳለበት አይዘንጋ፤ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር።

በተጨማሪም ቤዚክሜድ ቀድሞ የኤፍኤኤ የጤና ወረቀት መያዝን ይጠይቃል ብያለሁ። የኢትዮጵያው አይተካውም። ስለዚህ እርስዎ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሦስተኛ ደረጃውን ምርመራ ማለፍ አለብዎት፤ የምክክሩ ምክር ከማንም በላይ የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሰፈሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በዋና ከተማዋ ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል ልዩ የበረራ ደንብ ያለበት ክልል ነው። በ60 ማይል ውስጥ በዓይን ለመብረር በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነጻ ኮርስ አንድ ጊዜ ወስዶ ምስክር ወረቀቱን መያዝ ግዴታ ነው። ከ1909 ጀምሮ ሳይቋረጥ እየሠራ ያለው የኮሌጅ ፓርክ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ ለብዙ ሐበሻ ቤት ቅርብ ነው፤ ነገር ግን በውስጠኛው ጥብቅ ክልል ውስጥ ስለሆነ እዚያ ለማረፍ አሻራ ሰጥቶ፣ ተጣርቶ፣ የሚስጥር ቁጥር መውሰድ ያስፈልጋል። ራቅ ብሎ ፍሬድሪክ የሄደ ሰው ከአሻራውና ከሚስጥር ቁጥሩ ያርፋል።

አውሮፓ

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ፈቃዱ ራሱ አያልፍበትም፤ በውስጡ የተጻፉት የአውሮፕላን ዓይነት መብቶች ግን ያልፍባቸዋል። የአየር መንገድ ፈቃድዎን እንደያዙ የጤናውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ አውርደው የግል መብቱን መጠቀም ይችላሉ፤ ከ50 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይታደሳል። የቀላል አውሮፕላን የጤና ማረጋገጫ በየሁለት ዓመቱ ስለሆነ ይቀላል፤ መብቱ ግን ያነሰ ነው። የባለ አንድ ሞተር መብት በየሁለት ዓመቱ የሚታደሰው በመጨረሻው ዓመት 12 ሰዓት በመብረር፣ ከእነሱም ስድስቱ በአዛዥነት፣ 12 ጊዜ በመነሣትና በማረፍ፣ እንዲሁም ከአሰልጣኝ ጋር አንድ ሰዓት በመሥራት ነው። ከአሜሪካው የሚለየው ይህ ነው፤ ሳይበሩ ዓመቱ ካለፈ መብቱ ይሞታል፤ ለመመለስም ፈተና አለ።

ከበረራው ገንዘብ ማግኘት የሚፈልግ

የ65 ዓመቱ ገደብ የመደበኛ አየር መንገድ ነው። በአሜሪካ ውስጥ በትንንሽ የኪራይ በረራ ድርጅቶች ተቀጥሮ መሥራት ከዚያ በኋላም ይቻላል፤ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ የጤና ወረቀት በየ12 ወሩ ያስፈልጋል። በግል መብት ግን ለነዳጅ፣ ለኪራይና ለማረፊያ ክፍያ ከተሳፋሪ ጋር እኩል መካፈል ይቻላል እንጂ ትርፍ መቀበል አይቻልም።

ለካፒቴን ይበልጥ የሚስማማው ማስተማር ይመስለኛል። አሰልጣኝ የሚከፈለው ለትምህርቱ ስለሆነ በቤዚክሜድ ማስተማር ይፈቀዳል። ግን ኤቲፒ በራሱ የአሰልጣኝነት ፈቃድ አይደለም፤ ሁለት የጽሑፍና አንድ የተግባር ፈተና አለው። ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ በአሰልጣኞች ካርድ ላይም የማብቂያ ቀን መጻፍ ቀርቷል፤ በየ24 ወሩ ልምድን ማሳየት ግን አልቀረም።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ

ሕጉ የአንድ ሰዓት በረራ ይበቃል ቢልም ከጄት ለወረደ ሰው አይበቃም። በትልቅ ጄት ላይ አፍንጫው ቀና የሚደረገው ጎማው ከማኮብኮቢያው ሠላሳ ጫማ ገደማ ሲቀረው ነው። ሴስና ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ ዓይን መሬት ሲነካ እንኳ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። እጁ ግን የድሮውን ያስታውሳል፤ ገና ከላይ ሳለ መሪውን ይስበዋል፤ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን አጥቶ ዘጭ ይላል። እግርም እንዲሁ ነው። ጄቱ ላይ ፔዳሉ በመነሻና በማረፊያ ካልሆነ ብዙም አይነካም፤ እዚህ ግን የሞተሩ ጉልበት በተጨመረ ቁጥር አፍንጫው ወደ ግራ ስለሚሄድ ቀኝ እግር ሥራ አይፈታም። ነዳጁን የሚፈትሽ ቴክኒሻንም የለም። ሴስና 172 ኤስ 13 የነዳጅ መፈተሻ ቀዳዳዎች አሉት፤ ካፒቴኑ በብርጭቆዋ እየቀዳ፣ ውኃ አለመኖሩን በፀሐይ እያየ፣ ከክንፉ ሥር ጎንበስ ቀና ይላል። ጉልበት የሚያመው ሰው ይህንንም ያስብበት።

ከቦሌ ሲነሡ የኖሩ አብራሪዎች "ከፍታን እኛን ነው ማስተማር?" ይላሉ። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው፤ እውነት ነው። ያን ቀጭን አየር ያሸነፉት ግን በጄት ሞተር ነው። ኮሎራዶ ውስጥ በሐምሌ እኩለ ቀን በ160 የፈረስ ጉልበት ፒስተን ሞተር አራት ሰው ጭኖ ለመነሣት መሞከር ሌላ ሒሳብ ነው፤ አንዳንዴም መልሱ "አይነሣም" ነው።

አሰልጣኝ ሲመርጡ ዕድሜውን አይዩ፤ አፉን ይዩ። ሃያ ጥቂት ዓመት የሆነው ልጅ ሃያ ሺህ ሰዓት ከበረረ ሰው ጎን ሲቀመጥ ይፈራል፤ ሐበሻ ከሆነማ "ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍጥነትዎ ትንሽ..." እያለ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያው ላይ ይደርሳል። ከመነሣታችሁ በፊት "የማየው ስሕተት ሁሉ ወዲያው ይነገረኝ፤ እጄንም ብትመታ አልቀየምም" ይበሉት። ካልተናገረ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይያዙ።

አውሮፕላን ለመግዛት ላሰበ ሰው ደግሞ የመጨረሻው ቃል የኤፍኤኤ ላይሆን ይችላል። መድን ሰጪዎች ከ70 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ጠበቅ ማለት ይጀምራሉ፤ በተለይ ጎማው በሚታጠፍና ባለ ሁለት ሞተር በሆነ አውሮፕላን ላይ። አንዳንዱ ቤዚክሜድ ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ሕጉ ያልጠየቀውን የጤና ምርመራ ወይም በዚያው ሞዴል ላይ የተወሰነ የሥልጠና ሰዓት ይጠይቃል። የብዙ ሺህ ሰዓት ካፒቴንነትም በዚያ ሞዴል ላይ ዜሮ ሰዓት ካለዎት ያን ያህል ዋጋ አይቀንስም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የአውሮፕላኑን ሞዴልና የምዝገባ ቁጥር፣ ዕድሜዎን፣ የመረጡትን የጤና መንገድና በዚያ ሞዴል ያለዎትን ሰዓት ለመድን ወኪል ልከው ዋጋውን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በ75 ዓመትዎም ያድሱልዎት እንደሆነ በዚያው ይጠይቁ።